የጨው ባሕርን በመስተዋት ገንዳ ስለ ማኖር፤ ከ1832 እስከ ዘመናችን ያለው ታሪክ

ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ባሕርን በቤቱ ለማኖር መሞከሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የዚህ ሙከራ ታሪክ ሲመረመር በውስጡ ሁለት ከበድ ያሉ ጥያቄዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ሕይወት ያለው ነገር ከተፈጥሮ ቦታው ተነቅሎ በሌላ ሥፍራ እንዲኖር ምን ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ይህን ዕውቀት እስኪያገኝ ድረስ ባሕሩ ምን ከፈለ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ሳንለያይ ለመመልከት እንሞክራለን፤ በተለይም የምንከታተለው ከባሕር ፍጥረት ሁሉ ለማኖር አስቸጋሪ ሆኖ የቈየውን ኮራልን ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ኮራል ለኛ ጨርሶ እንግዳ ነገር አይደለም። የምጽዋ የጥንት ቤቶች የታነጹት ከባሕር በተቈረጠ የኮራል ድንጋይ ነው። በአፋር ዝቅተኛ ምድርም፣ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ዘልቆ በነበረበት በጥንት ዘመን የበቀለ ኮራል ደርቆና ድንጋይ ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል። ድንጋዩን የሚሠራው ግን እንስሳ ነው። አካሉ ለስላሳና ትንሽ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ጣት መሰል ነገሮች አሉት፤ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየወሰደ ከበታቹ አጥንት ያነጥፋል። ሺህና ዐሥር ሺህ ሆኖ በማኅበር እየኖረ፣ በአባቶቹ አጥንት ላይ የራሱን አጥንት እየጨመረ፣ መርከብ የሚሰብር አለት እስከ መሥራት ይደርሳል። እንዲህ ያለው ፍጥረት በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ እንዲያድግ ማድረግ የተቻለው ከመቶ ዓመት በላይ ከተደከመ በኋላ ነው።

የታሪኩ መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝ አገር ይቈጠራል፤ እኛ ግን ከሲሲሊያ ደሴት መጀመርን እንመርጣለን። ዣን ቪልፕሬ በ1794 በፈረንሳይ አገር በዡያክ መንደር ከጫማ ሠሪ ቤት ተወለደች። ወደ ፓሪስ ሄዳ የልብስ ጠልፍ ሥራ ተማረች፤ በኋላም ፓወር የተባለውን ነጋዴ አግብታ መሲና ከተማ ተቀመጠች። በዚያ የባሕር እንስሳ ማጥናት ጀመረች። በጊዜው ሊቃውንት የሚከራከሩበት አንድ ነገር ነበር፤ አርጎኖት የሚባለው ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ የሚኖርበትን ስስ ቅርፊት ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይሰርቀዋል? የሞተ እንስሳ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ እያዩ ይህን መወሰን አይቻልም ነበር። እርሷም በ1832 ሕይወት ያለውን እንስሳ የምታይበት የመስተዋት ገንዳ አሠራች፤ በባሕሩ ውስጥ የሚሰጥሙ ሌሎች ዐይነት ሣጥኖችም ጨመረች። ቅርፊቱን ሰበር አድርጋ ብትተወው እንስሳው ራሱ ጠገነው፤ ክርክሩም በዚህ ተፈታ። ልናስተውለው የሚገባን፣ ገንዳው በመጀመሪያ የተሠራው ለጌጥ ሳይሆን ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት መሆኑን ነው። ጌጡ በኋላ መጣ።

ኮራልን ከባሕር አርቆ ለማኖር የሞከረችው ሁለተኛዋ ሴት እመቤት አና ቲን ናት። ባሏ የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሹም ነበር። በ1846 በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ በቶርኪ ስትከርም በዚያ ባሕር የሚገኙ ጥቂት ኮራሎች ሰበሰበች። ወደ ሎንዶን ስትመለስም ውሃው በዙሪያቸው እንዲዘዋወር በመርፌና በክር ከስፖንጅ ጋር ሰፍታ በማሰሮ ይዛቸው ሄደች። በሎንዶን ንጹሕ የባሕር ውሃ እንደ ልብ አይገኝም፤ ያለውም ሲውል ሲያድር ይበላሻል። ስለዚህ የቤቱ ገረድ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውሃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ አንዱ ስትገለብጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ትቈያለች። ይህም በየጊዜው የሚደጋገም ሥራ ነበር። ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ያህል ኖሩ፤ ተራቡም። እመቤቲቱ ያየችውን በ1859 በታወቀ የተፈጥሮ ዕውቀት መጽሔት አሳትማለች። የገረዲቱን ስም ግን ታሪክ አላቈየልንም። ዛሬ በየቤቱ ሌሊትና ቀን የሚሠራው የውሃ ፓምፕ የሚያደርገው ያችኑ የገረዲቱን ሥራ ስለ ሆነ፣ ከቀደምቶቹ መካከል ብትቈጠር ያለ ቦታዋ አይደለም እንላለን።

እመቤት ቲን በ1847 አንድ ሌላ ነገር ጨመረች። የባሕር ሣር የበቀለባቸውን ድንጋዮች ከነሕይወታቸው አስመጥታ በገንዳው ውስጥ አኖረቻቸው። ሣሩ ውሃውን እንደሚያድስ አይታ ነበርና የገረዲቱም ድካም ቀለለ። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ በሌላ አገር እንደገና ይገኛልና።

በዚያው ዘመን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የሎንዶን ኬሚስት በጣፋጭ ውሃ ሌላ ሙከራ ያደርግ ነበር። ሁለት ዓሣና አንድ የውሃ ተክል በአንድ ገንዳ አኖረ። ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ዓሣውም ለተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረና የበሰበሰውን በላለት። በ1850 ይህን ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። እንግዲህ ከዚህ የወጣው ትምህርት «ሚዛን» የሚባለው ነው። ይኸውም እንስሳና ተክል በልክ ከተመደቡ ገንዳው ያለ ሰው እጅ ለዘለዓለም ይኖራል ማለት ነው። አሳቡ ለጆሮ የሚጥምና ለሃይማኖተኛውም ለፈላስፋውም የሚስማማ ስለ ነበር ቶሎ ተስፋፋ። በኛ አስተያየት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት አሳቦች ሁሉ ብዙ ጥፋት ያደረሰው ይኸው ነው። ሐሰት ስለ ሆነ አይደለም፤ ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ነው። ሌላው ግማሽ በዐይን በማይታይ ፍጥረት እጅ ነበር፤ እርሱንም ገና ማንም አላወቀውም።

ሚዛኑን ለሕዝብ ያሰራጨው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። በ1853 በሎንዶን ሪጀንትስ ፓርክ በሚገኘው የአራዊት ግቢ ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ቤት ሲቋቋም ከረዱት አንዱ እርሱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት «አኳሪየም» በሚል ርእስ መጽሐፍ አወጣ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጊዜው የተመቸ ነበር። በእንግሊዝ አገር በመስተዋት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 ተነሥቶ ነበርና መስተዋት ረከሰ፤ የምድር ባቡርም የከተማውን ሕዝብ ወደ ባሕር ዳር በአንድ ቀን ያደርሰው ጀመር። ጎስ ባሕር ለማያገኙ ሰዎች የባሕር ውሃ በቤት የሚሠራበትን ቅመም ጭምር ጻፈላቸው፤ የገበታ ጨው፣ የእንግሊዝ ጨው፣ የማግኒዚየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ ናቸው። ካልሲየም በስም አልገባበትም። ለዓሣ ይህ ብዙ አይጐዳም፤ አጥንቱን ከኖራ ለሚሠራው ለኮራል ግን ማገር በሌለው ቤት እንደ መቀመጥ ነው። (በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። አሞሌያችን ከጥንት ባሕር የቀረ ጨው ስለ ሆነ፣ አሞሌ ቢሟሟ ባሕር ይሆናል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። አይሆንም። ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በየተራቸው ነው የሚረጉት፤ ለምግብ የሚቈረጠው ንጣፍ ከሞላ ጐደል አንድ ዐይነት ጨው ብቻ ነው።)

የጎስ መጽሐፍ ያስነሣው ሆይ ሆይታ ከዐሥር ዓመት ብዙ አልዘለቀም። ሕዝቡ ማሰሮና መዶሻ ይዞ ወደ ጠረፍ ወረደ፤ ከአለቱ ሥር ያለውን ሁሉ እየነቀለ ጫነ። አብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ፤ ባለቤቱም የሸተተውን ውሃ ደፍቶ ሌላ ለማምጣት ተመለሰ። ሚዛኑን የሚያምን ሰው፣ ገንዳው ሲሞትበት ጥፋቱ የልክ ነው ብሎ ልኩን ለማስተካከል እንደገና ይሰበስባል እንጂ ትምህርቱን አይጠራጠርም። የጎስ ልጅ ኤድመንድ፣ «አባትና ልጅ» በሚል ርእስ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ያየው የባሕር ዳር ውበት በሰብሳቢዎች እጅ እንደ ጠፋና አባቱም በዚህ እጅግ እንዳዘነ ይተርካል። ባሕሩን ለሕዝቡ ያስወደደው ሰው የባሕሩን ዳር ያስዘረፈ መሆኑን በዐይኑ አየ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ጠቃሚ ነገር የቀረው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ በተባለ የገንዳ ነጋዴ ሥራ ነው። ሎይድ በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ በሐምቡርግና በሎንዶን ክሪስታል ፓላስ ለሕዝብ የሚታዩ ትልልቅ ገንዳዎችን አደራጅቷል፤ አንቶን ዶርን በኔፕልስ ላቋቋመውና በ1874 ለሕዝብ ለተከፈተውም ምክር ሰጥቷል። የእርሱ ዘዴ ከሚታየው ገንዳ በታች በጨለማ የሚቀመጥ፣ ከሚታየውም የሚበልጥ ማጠራቀሚያ መሥራት፣ ውሃውንም በፓምፕ ሳያቋርጡ በሁለቱ መካከል ማዘዋወር ነበር። እንግዲህ ሎይድ በቃል ሚዛንን አልካደም፤ በሥራው ግን ትቶታል። ውሃው ብዙ ከሆነ፣ ከተንቀሳቀሰና አየር ካገኘ ንጹሕ ሆኖ እንደሚቈይ ተረድቶ ነበር። ዛሬ ትልቅ የኮራል ገንዳ ያለው ሰው በገንዳው ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚደብቀው ሁለተኛ ገንዳ የሎይድ ልጅ ነው።

የውሃው ብዛት ለምን ይጠቅማል? ነገሩ በቀላሉ ሊገባን ይችላል። አንድ ዓሣ በ50 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሞቶ ሳይታይ ቢያድር፣ ከሬሳው የሚወጣው አሞንያ የቀሩትን ሊገድል ይችላል፤ በ1,000 ሊትር ውስጥ ግን ያው መርዝ ሃያ ጊዜ ይሣሣል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። የሚያስፈራው ክብደቱ ነው። 1,000 ሊትር የባሕር ውሃ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በውስጡም 36 ኪሎ ያህል ጨው አለበት። መስተዋቱና ድንጋዩ ሲጨመር የቤቱ ወለል መመርመር አለበት። የጥንቶቹ ገንዳዎች ደግሞ በብረት ክፈፍና በማጣበቂያ ጭቃ የሚያያዙ ስለ ነበሩ ጨዉ ብረቱን እየበላ ዝገቱ ወደ ውሃው ይገባ ነበር። መስተዋትን ከመስተዋት ጋር ያለ ብረት የሚያጣብቀው ሲሊኮን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሲስፋፋ፣ ትልቅ የጨው ውሃ ገንዳ በግለሰብ ቤት ማኖር ከዚያ ወዲያ ብርቅ መሆኑ ቀረ።

በዐይን የማይታየው የሚዛን ግማሽ የተገኘው ዓሣ በሚያኖሩ ሰዎች ሳይሆን የከተማ ቆሻሻ ውሃ በሚመረምሩ ሰዎች እጅ ነው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሊቃውንት ቆሻሻ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አሞንያው ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ፣ አሸዋው በክሎሮፎርም ቢታጠን ግን ለውጡ እንደሚቆም አሳዩ። ክሎሮፎርም ድንጋይን አያስተኛም፤ የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ በ1890 ገደማ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣቸው። እንግዲህ በገንዳ ውስጥ ዓሣው የሚያወጣውን አሞንያ የሚያስወግደው ጌጠኛው ሣር ብቻ ሳይሆን በአሸዋና በድንጋይ ላይ የተለጠፈው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ለመባዛት ሳምንታት ይፈልጋል። በ1850ዎቹ የሎንዶን ሰው አዲስ ገንዳውን በአንድ ቀን ሞልቶ በሳምንቱ የሚደፋው ለምን እንደ ነበረ ከዚህ በኋላ ግልጽ ይሆናል። የሚገርመው ግን ይህ ዕውቀት ወደ ቤት ገንዳ ለመድረስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ መውሰዱ ነው። የቆሻሻ ውሃ መሐንዲስና የዓሣ ወዳጅ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበርና።

ይህም ሆኖ ኮራሉ ገና አልተገኘም። እመቤት ቲን ያኖረችው የብርዱ ባሕር ኮራል ነው፤ እርሱ ምግቡን በአፉ ይዞ ይበላል፤ ብርሃን አይፈልግም። የሞቃቱ ባሕር አለት ሠሪ ኮራል ግን በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ያኖራል፤ ካርል ብራንት የተባለው ጀርመናዊ በ1881 ስም አውጥቶላቸዋል። ሞሪስ ዮንግ የመራው የእንግሊዝ ቡድን በ1928 እና በ1929 በአውስትራልያ ታላቁ የኮራል አለት ላይ የዚህን ማኅበር ኑሮ ሲመረምር ከረመ። ጃፓናዊው ሲሮ ካዋጉቲ በ1944 አልጌዎቹ የየትኛው ወገን እንደ ሆኑ ለየ። በ1959 ደግሞ ቶማስ ጎሮ፣ በጃማይካ ሲመራመር፣ ራዲዮአክቲቭ ካልሲየምን እንደ ምልክት ተጠቅሞ ኮራል በብርሃን ውስጥ ሲሆን አጥንቱን ከጨለማው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ እንደሚሠራ አስረዳ። በዚህ ምክንያት ጥያቄው ተለወጠ። ከእንግዲህ ኮራልን ማኖር ማለት እንስሳን ማኖር ብቻ ሳይሆን እርሻን ማረስ ጭምር ሆነ፤ ፀሐይ በሌለበት አገር ደግሞ ፀሐይን ማበጀት ያስፈልግ ነበር።

ፀሐይና ባሕር በደጁ ያለ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሳይደርሰው ይሠራ ነበር። ረኔ ካታላ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ሕይወት ሊቅና ባለቤቱ በ1956 በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኒው ካሌዶንያ ደሴት፣ በኑሜያ ከተማ የከፈቱት አኳሪየም ከባሕሩ በቀጥታ በሚቀዳ ውሃ ሕያው ኮራሎችን አኖረ። በጃካርታ የሚኖረው ሊ ቺን ኤንግ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር አደረገ። በጥቃቅን ፍጥረት የተሸፈነ ድንጋይ ከባሕር አምጥቶ በገንዳው ከመረው፤ የባሕር ውሃ ጨመረ፤ አየር በቀጭን ቱቦ አስገባ፤ ገንዳውን የፀሐይ ብርሃን በሚያገኝበት አስቀመጠ። ሌላ ማጥሪያ አልነበረውም። ይህን በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ አሳተመ። እንግዲህ «ሕያው ድንጋይ» የሚባለው ይህ ነው፤ አንባቢው እንደሚያስታውሰው እመቤት ቲን በ1847 ወደ ሎንዶን ያስመጣችው ይህንኑ ነበር። በድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ አሞንያውን ይለውጣል፤ አየር በማይደርስበት በድንጋዩ ውስጥ የሚኖረው ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ መልሶ ያስወጣዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ትምህርቱ ወዲያው አልተስፋፋም። ከሩቅ የሚመጣው ድንጋይ በጉዞ ላይ ግማሹ ይሞታል፤ የጃካርታም ፀሐይ በክረምት በርሊን የለችም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ የተሠራው በጀርመንና በጎረቤቶቿ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። ከሞቃቱ ባሕር የራቀ ሰው ነው እያንዳንዱን ነገር በምክንያት ለመሥራት የሚገደደው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የባሕር ጨው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይገኝ ነበር። ከዚያም ትንንሽ የአየር አረፋ በረጅም ቱቦ ውስጥ ከውሃው ጋር እያደባለቀ፣ ቆሻሻው በአረፋው ላይ ተለጥፎ እንዲወጣ የሚያደርግ ዕቃ ተሠራ። የወጥ አረፋ በማንኪያ እንደሚገፈፍ ነው፤ ልዩነቱ ቆሻሻው ሳይበሰብስና አሞንያ ሳይሆን በፊት መገፈፉ ነው። ፔተር ቪልከንስ በ1973 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ በኖራ ውሃ የመጠቀምን ዘዴ አስተማረ። የኖራ ውሃ ያው የምናውቀው ኖራ በጣፋጭ ውሃ ተሟሙቶ ሲጠል ነው። ከገንዳ ውስጥ በየቀኑ ውሃ ይተናል፤ ጨዉ ግን አይተንም፤ ስለዚህ የተነነው ውሃ በጣፋጭ ውሃ መተካት አለበት። ቪልከንስ ይህን ለመተካት የግድ የሚጨመረውን ውሃ የኖራ ውሃ አደረገው፤ በዚህም ኮራሎቹ ለአጥንታቸው የወሰዱት ካልሲየም ቀስ በቀስ ይመለስላቸዋል። ቀላልና ብልኅ ነገር ነው። የጎስ ቅመም ከጐደለው ከ120 ዓመት በኋላ ጐዶሎው ሞላ።

ሕያው ድንጋይ፣ አረፋ መግፈፊያ፣ ኀይለኛ የሜታል ሃላይድ መብራትና የኖራ ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ በኋላ «የበርሊን ዘዴ» ተባሉ። በ1980ዎቹ በበርሊን ቤቶች ውስጥ ቅርንጫፋማው ኮራል አክሮፖራ ማደግ ብቻ ሳይሆን እየተቈረጠ ለጎረቤት የሚሰጥ ሆነ። አሜሪካ ወደዚህ የገባችው በጠማማ መንገድ ነው። ሆላንዳዊው ጆርጅ ስሚት በ1986 በተከታታይ በጻፋቸው ጽሑፎች ውሃ በፕላስቲክ ኳሶች ላይ እየተንጠባጠበ የሚያልፍበትን ማጥሪያ አስተዋወቀ፤ ሥዕሎቹ ያማሩ ስለ ነበሩ ሁሉ ሰው ገዛ። ማጥሪያው አሞንያውን ፈጽሞ ያጠፋል፤ ናይትሬቱን ግን ይከምረዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰዎቹ ኳሶቹን አውጥተው ጣሉ፤ ድንጋዩን አስቀሩ።

በሌላ በኩል ሚዛንን በአዲስ መልክ የመለሱ ሊቃውንትም አሉ። ዋልተር ኤዲ በዋሽንግተን፣ በስሚዝሶንያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ከ1980 ጀምሮ ለሕዝብ በታየ የኮራል ገንዳ ውሃውን አልጌ በሚበቅልበት ሌላ ትሪ ላይ እያሳለፈ፣ አልጌውን እያጨደ ያጠራ ነበር። ዣን ዦበር ደግሞ በሞናኮ ወፍራም የአሸዋ ንጣፍ ከሥሩ ባዶ ስፍራ ትቶለት ባክቴሪያው ናይትሬቱን እንዲያስወግድ አደረገ። በ1989 በዚያው በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም በዚህ ዘዴ የተተከለው ትልቅ የኮራል ገንዳ ኮራሎቹን ያገኘው ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ልጆች በሜዲትራንያን ዳር በመስተዋት ውስጥ አደጉ ማለት ነው። የሁለቱን ወገኖች ክርክር እዚህ በዝርዝር አንገባበትም፤ የኤዲ አልጌም ሆነ የዦበር አሸዋ፣ የሚታጨድና የሚጠበቅ እስከ ሆነ ድረስ፣ ዋሪንግተን ያሰበው ያለ ሰው እጅ የሚኖር ገንዳ አለመሆኑን ማሳሰብ ይበቃናል።

አሁን የተውነውን ሁለተኛ ጥያቄ እናንሣ። ባሕሩ ምን ከፈለ? ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ለገንዳ የሚሸጥ ዓሣ በሲያናይድ እየደነዘዘ ይያዝ ነበር፤ መርዙ ዓሣው የተደበቀበትን ኮራል ይገድላል። ዓሣውም ቢሆን ገዢው ቤት ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቈይም ነበር፤ ገዢውም፣ እንደ 1850ዎቹ ሰው፣ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሌላ ይገዛል። በኢንዶኔዥያ የባንጋይ ደሴቶች ብቻ የሚገኝ አንድ ትንሽ ዓሣ በ1990ዎቹ ዝናው ከወጣ በኋላ በብዛት ስለ ተያዘ በ2007 የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ውስጥ ተመዘገበ፤ ያሳዝናል፤ በገንዳ ውስጥ ያለ ብዙ ችግር የሚራባ ዓሣ ነውና። በ1990 የድንጋይ ኮራሎች ሁሉ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ እንዲሆን በዓለም አቀፉ የዱር ፍጥረት ንግድ ስምምነት ውስጥ ገቡ። ጉዳቱ ከባሕር በመውሰድ ብቻም አልቀረም። በ1984 ካውለርፓ የተባለ፣ በገንዳ ውስጥ ለጌጥ የሚበቅል የባሕር ሣር በሞናኮ ሙዚየም ሥር ባለው ባሕር ታየ። ከየት እንደ መጣ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት የነበረ ቢሆንም፣ በሜዲትራንያን ጠረፎች ላይ መስፋፋቱን ማንም ሊያቆመው አልቻለም። የአንበሳ ዓሣ የሚባለው እሾኻሙ የህንድና የፓሲፊክ ውቅያኖስ ዓሣም በ1985 በፍሎሪዳ ጠረፍ ታየ፤ ከቤት ገንዳ ሳይጣል እንዳልቀረ ይታመናል፤ ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶ የአገሬውን ትንንሽ ዓሣ ይበላል።

በዚህ በኩል ብቻ ቢታይ ሒሳቡ ለገንዳው ባለቤት አያምርም። ነገር ግን ሌላም ዐምድ አለ። በአሪዞና በረሃ በ1991 በተዘጋው «ባዮስፌር 2» በተባለው የመስተዋት ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሠራሽ ባሕር፣ ለመጀመሪያ ዓላማው ብዙ ሳይጠቅም፣ በኋላ አንድ ትልቅ ነገር አስተምሯል። ክሪስ ላንግደንና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ባሕር እየገባ ውሃውን ሲለውጠው ኮራሎች አጥንታቸውን የሚሠሩበት ፍጥነት እንደሚቀንስ በዚያ ገንዳ አሳዩ። በክፍት ባሕር ላይ ይህን ለመሞከር የሚቻል አልነበረም። ይህ በትክክል በ1832 በመሲና የተሠራው ገንዳ ዐይነት አገልግሎት ነው።

ሌላው የመራባት ነገር ነው። አብዛኞቹ የአለት ኮራሎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት እንቁላላቸውንና ዘራቸውን ወደ ባሕሩ ይለቃሉ። ይህ ነገር በአውስትራልያ ተጠንቶ በ1984 ታትሟል። በገንዳ ውስጥ ኮራል የሚባዛው ግን በመቈረጥ ብቻ ነበር፤ ከአንድ እናት የተቈረጠ ሺህ ቅርንጫፍ ቢኖር አንድ በሽታ ሁሉን ሊጨርሰው ይችላል። በሎንዶን የሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስና ጓደኞቹ በ2012 በጀመሩት ሥራ የባሕሩን የዓመት ሙቀት፣ የፀሐይ መግቢያ ሰዓትና የጨረቃ ብርሃን በመብራትና በኮምፒዩተር አስመስለው ኮራሎቹ በሎንዶን ውስጥ በቀጠሮአቸው እንዲራቡ አደረጉ፤ ውጤቱንም በ2017 አሳተሙ። በ2019 በፍሎሪዳ አኳሪየም፣ በበሽታ እየጠፋ የነበረው የአትላንቲኩ ዐምደኛ ኮራል በዚህ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕር ውጭ ዘሩን ሰጠ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የመብራት፣ የፓምፕና የውሃ ቅመም ዕውቀት አብዛኛው የተፈተነው በቤታቸው ገንዳ ያላቸው ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው እየከሠሩ መሆኑን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው፣ በኛስ አገር ይቻላል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የቅርቡ የኮራል ባሕር በምድር ባቡሩ መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ግን ከበርሊን ጋር ሲተያይ ቅርብ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለ ሆነ ውሃውም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ዓሣው ጥቂት፣ የውሃው መናወጥ ደግሞ ብዙ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ከቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዓሣው ይታፈናል፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። የሚያገለግል ባትሪ ወይም ጀነሬተር የሌለው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባይጀምር ይሻላል። ያን ጊዜ የቀረው መፍትሔ የእመቤት ቲን ገረድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማሰሮ ይዞ ውሃውን ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ።

በ2023 በሐምሌ ወር በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ባለ አንድ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ የባሕሩ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፈ። የኮራል ችግኝ በባሕር ውስጥ ያሳድጉ የነበሩ ሰዎች በሺህ የሚቈጠሩ ቅርንጫፎችን እየነቀሉ በጀልባና በመኪና ጭነው ወደ ምድር አመጡ፤ መብራት፣ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ባላቸው ገንዳዎች ውስጥም አኖሯቸው። በባሕር ከቀሩት ብዙዎቹ ነጭ ሆነው ሞቱ። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስ መሥሪያ ቤት የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ ዓለምን ያዳረሰ መሆኑን ባስታወቀ ጊዜ፣ ከእነዚያ ከተነቀሉት ከፊሎቹ ገና በገንዳ ውስጥ ነበሩ።